«ቅዱስ» ላይ ስለተቆረጠው የፍቅሬ የቀብር መልእክት

ለክቡር ኢንጂነር አርአያ
የድልድይ ራስ መረዳጃ እድር የመልእክት መላኪያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ ስልክዎም ባትሪው የማያልቅበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ወልደሥላሴ ነኝ፤ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ኖሬ ያረጀሁ፣ ጉልምስናዬን አትክልት ተራ ጆንያ ስሸከም የጨረስሁ የእድርዎ አባል። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትም። እኔ እየተናገርሁ የሚጽፉልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ሲሞን ናቸው። በአፌ ቢሆን «አንተ» ነበር የምልዎ፤ «እርስዎ» ይሁን ያሉት እሳቸው ስለሆኑ ስለ አክብሮቱ እሳቸውን ያመስግኑ።

ጉዳዬ አንድ ነው። ወዳጄ ፍቅሬ ሲቀበር አልነበርሁም፤ ባለቤቱ ወይዘሮ እንቁም ቂም ይዤ የቀረሁ መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያስቀረኝ የእርስዎ መልእክት ነው። ዝርዝሩን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጥበቃዎ። ሰፈሩ ተነሥቶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን የለፋፊያችን የጋሽ ተስፋሁን ጡሩንባ ያን ያህል እንደማይሰማ አላጣሁትም፤ ሞት በስልክ ይነገር ሲባል እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። እርስዎም በጠቅላላ ጉባኤው ተነሥተው መልእክቱ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ፣ መሐል መንገድ ላይ ጠላፊ እንዳያነበው ታጥሮ እንደሚመጣልን ሲያስረዱን አጨበጨብን። እነሆ እንዳሉት ሆነ፤ የሞታችንን ወሬ ሌባ አልሰረቀውም። ለቀስተኛም አላገኘውም እንጂ! እድር ከተባለ ጀምሮ መርዶን ከሰው የደበቀ ጥበብ ያመጡልን የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፪. ስለዚያ እሑድ። ስልኬ ሲጮህ ወደ ባለሱቋ ወይዘሮ ፊርደውስ ይዤው ሄድሁ፤ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። «የእድራችን አባል አቶ ፍቅሬ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በስድስት ሰዓት በቅዱስ» ብለው አቆሙ። ጨርሱት እንጂ ብላቸው፣ «አባባ፣ ቅዱስ ይልና ያበቃል፤ የትኛው ቅዱስ ይሆን?» አሉኝ። እኔም የአራዳ ሰው ቅዱስ ካለ ከጊዮርጊስ ሌላ ማንን ይላል ብዬ ተቆጣኋቸው። ወደ እነ ፍቅሬ እንዳይደወል በእጄ ያለው ቁጥር የራሱ የፍቅሬ ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሣም። ወደ እርስዎ አስደወልሁ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ የሚል ጽሑፍ መጣልኝ፤ እሱ ሳይቆረጥ ነው የመጣው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ዱላዬን ይዤ ጊዮርጊስ ደረስሁ። የጠበቀኝ ሠርግ ነው። ሬሳው እስኪመጣ ብዬ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ስቆም የሙሽራው አጎት ነኝ ያለ ሰው ቀረብ ብሎ፣ «አባባ፣ ለፎቶው ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ እዚሁ ከሆኑም እባክዎ ነጠላዎን ያስተካክሉ» አለኝ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ በልጁ ሠርግ ላይ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሽማግሌ ማን ይፈልጋል? ጥላ ፈልጌ ቁጭ አልሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣሁ። ቀብሩ ለካ ቅዱስ ዮሴፍ ኖሯል፤ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። የእድሩ ሰው እርስ በርሱ እየተደዋወለ ደርሷል፤ ለእኔ የደወለ የለም፤ ወልደሥላሴ ለፍቅሬ ቀብር ይቀራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

፫. ነገሩ ለምን እንደከበደኝ ላይገባዎ ስለሚችል ልጨምር። ከፍቅሬ ጋር በግቢያችን ቧንቧ ተጣልተን ብዙ ጊዜ ሳንነጋገር ኖረናል። ባለፈው ፋሲካ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀን። ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ሲወጣ አንገቴን አቅፎ፣ «ወልዴ፣ ከቀደምሁህ አፈሬን አንተ አልብሰኝ» አለኝ፤ እሺ አልሁት። አፈሩን ሌላ ሰው አለበሰው። በሠልስቱ ስሄድ ወይዘሮ እንቁ በለቀስተኛው ፊት፣ «ዕርቁ ለሽማግሌዎቹ ብለህ ኖሯል ለካ!» አሉኝ። መልእክቱ ተቆርጦብኝ ነው ብዬ ስልኬን ባሳይ ከጀርባዬ የሳቀ ሰው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ለሬሳ ቂም የሚይዝ ሰው ተባልሁ!

፬. ስለ ማብራሪያዎ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሲያስረዱኝ በጥሞና አዳምጫለሁ። ጽሑፉ በመስመሩ ውስጥ እንደ ውኃ የሚፈስ መሆኑን፣ ቃሉ ግን እንደተጻፈ እንደማይወጣ፣ አስቀድሞ ማጠራቀሚያ ገብቶ ሲሞላ ተቆልፎ እንደሚላክ ነገሩኝ። የመጨረሻዋ ቁራጭ ማጠራቀሚያውን ስለማትሞላው «የቀረውን ገፍተህ አውጣ» ብሎ ማዘዝ ሲገባ፣ እርስዎ ያንን ሳያዝዙ መስመሩን ዘጉት። ላኪውና ተቀባዩ ሁለቱ ወገኖች «ጨርሻለሁ» ተባብለው መሰነባበትም ነበረባቸው፤ የእርስዎ ወገን ሳይሰናበት ሄደ፤ የእኛም ስልክ ስንብቱን ሳይጠብቅ ጎዶሎውን እንደ ሙሉ ተቀበለ። በእኛ ሰፈር ሰው እየተናገረ በሩን ለሚዘጋበት ሰው የሚሰጥ ስም አለ፤ አቶ ሲሞን ግን እሱን አልጽፍም ብለው ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር፤ ለምኜ ነው ያስነሣኋቸው።

ይህ ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል፤ በዚህ አልቀየምም። የተቀየምሁት ኮምፒውተርዎን ወደ እኔ አዙረው በአረንጓዴ የተጻፈውን እያሳዩ፣ «እዚህ ጋ ተልኳል ይላል አባቴ፤ ምናልባት ስልክዎ አሮጌ ሆኖ ነው» ባሉኝ ጊዜ ነው። ማጠራቀሚያ ውስጥ የገባውን ሁሉ እንደወጣ ቆጥሮ ተልኳል የሚለው ፕሮግራምዎ መሆኑን እዚያው አጠገብዎ የተቀመጠችው ባልደረባዎ ምኞት ነገረችን፤ እርስዎም በዓይንዎ ገላምጠው ዝም አሰኟት። እኔ አትክልት ተራ ግማሹን ቲማቲም መንገድ ላይ አፍስሼ «አድርሻለሁ» ብል ኖሮ ቡጢ ነበር የሚጠብቀኝ፤ እርስዎ ግን ከዚያ ወዲህ ምክትል ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። እንኳን ደስ አለዎት።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ስልክ እንዲገዙልኝም፣ የይቅርታ ጽሑፍ እንዲልኩልኝም አይደለም። በፍቅሬ አርባ ወይዘሮ እንቁ ፊት ቆመው በገዛ አፍዎ፣ «ወልደሥላሴን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» ይበሉልኝ። ይህን ብቻ። እኔ ብናገረው ማስተባበያ ነው፤ እርስዎ ቢናገሩት ግን ምሁር ተናገረ ተብሎ ይታመናል።

ዕድሜና ማዕረግ ይጨመርልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከተከበረው ወንበርዎ ፊት ወገቤ የቻለውን ያህል ጎንበስ ብዬ በጣት አሻራዬ አረጋግጫለሁ።

ወልደሥላሴ
ከአራዳ

ማስታወሻ፦ በተዝካሩ ዕለት ከጎኔ አንድ ወንበር ባዶውን እንዲቆይ ለፍቅሬ ልጆች ነግሬአለሁ፤ የእርስዎ ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ቆሞ ሳለ ያ ወንበር ባዶ ከሆነ የማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። እኔም እነግራቸዋለሁ፤ ፍቅሬ ከሞተ ወዲህ የደከመው ጉልበቴ እንጂ ድምፄ አይደለም።