በእጅ የታለበው ወተት

እትዬ፣

ሻንጣዎን በሩ አጠገብ አይቼዋለሁ። ልቀሰቅስዎት ግን አልደፈርኩም።

ወንድምዎ እስከ አራት ሰዓት ከልጁ ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ የምተማመነው በእርስዎ ነው።

ፍሪጁ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሁለት ጡጦ አለ። ጎዶሎው በጡት ማለቢያው ሞተር የታለበ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አጉረምርሞ ያወጣው ያችኑ ነው። ሙሉው በእጄ የታለበ ነው። አስቀድመው እሱን ይስጡት። እሳት ላይ አይጣዱት፤ ጡጦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል።

ትናንት ምሳ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ላም ነሽ እንዴ በሞተር የምትታለቢው? እጅሽ ምን ሆነ?» ሲሉኝ፣ ከመጻሕፍት የቃረምኩትን ሁሉ ደረደርኩ። እሱ አልበቃ ብሎኝ «ልጅ ያላሳደገ ሰው ስለ ወተት ምን ያውቃል?» አልኩ።

እያወቅሁ ነው ያልኩት።

እርስዎ ሳህኖቹን አነሡ።

ዛሬ ማለዳ፣ ሰሞኑን እንዳሳዩኝ፣ ጡቴን በሙቅ ፎጣ አሙቄ፣ አውራ ጣቴን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርጌ፣ ወደ ደረቴ ገፋ ከዚያም ጨመቅ አደረግሁት። ወተቱ ሲፈስ፣ ጣቶችዎ ይህን የት እንደተማሩት ገባኝ። ሴት ልጅዎ በተወለደች በሳምንቷ ስትሞት፣ ጡትዎ ገና መርዶውን አልሰማም ነበር። ያንን ወተት የት ይደፉት እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅም።

ይሂዱም ይቆዩም የምልበት አፍ የለኝም።

ማለቢያውን ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ግራ ጡቴ ግን አሁንም እምቢ ብሎኛል። አሥር ሰዓት ከሥራ እመለሳለሁ፤ እባክዎ ያሳዩኝ።