ደሴቱን ከመጥረግዎ በፊት

ለሰፊው ደሴት የቪዲዮ ጨዋታ አዘጋጅ ድርጅት
የተጫዋቾች ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ድርጅትዎ ሰኞ ዕለት ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ በመጪው ዓርብ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተጫዋቾች በደሴቱ ላይ ያስቀመጧቸው ድንጋዮች በሙሉ ይነሣሉ።

ጤናዎ እንደምን ነው? ባልደረቦችዎስ እንደምን ከርመዋል? የእርስዎን ደህንነት የምመኘው ከልቤ ነው፤ እስከ ሐሙስ ድረስ በሥራ ገበታዎ ላይ በሙሉ ጤና መገኘትዎ ከእኔ ይበልጥ የሚያሳስበው ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

እኔ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ የምሞርድ ሰው ነኝ። ጨዋታዎን ያስለመደችኝ በቤት ስሟ ድንቢጥ የምንላት ታናሽ እህቴ ናት። እሷ በመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የአፈር መርማሪ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ከካምፕ ካምፕ ትዞራለች፤ አንዱን ደሴት ለሁለት ሰው መክፈት እንደሚቻል ስታውቅ፣ እሷ ከካምፗ፣ እኔ ከቤት፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንገባ እንድንገናኝበት ብላ ነው የጀመርነው።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ስለሚወጣ፣ ደሴቱን ረግጠው ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ደሴቱ ካርታ የለውም። ወዴት ሂድ የሚል ቀስት፣ ምን አድርግ የሚል ድምፅ፣ አንዲት የተጻፈች ቃል እንኳ የለችበትም። ማን እንደገባና ማን እንደወጣም አያሳይም። ያለው የተዘጋ በር፣ የጥላ አቅጣጫ፣ የፈረሰ ግንብና ባሕር ነው። ሰው ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይናደዳል፣ ጆይስቲኩን ወንበር ላይ ወርውሮ ሥራው ይሄዳል፤ ከዚያ የደንበኛ ሌንስ እየሞረደ ሳለ በሩ እንዴት እንደሚከፈት በድንገት ይገባዋል። መልሱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ዓይኑ ሥር ነበር። የዚያን ቅጽበት ደስታ ለድርጅትዎ አልክድም፤ በሕይወቴ ብዙ አላገኘሁትም።

ያለፍንበትን እንዳንረሳ ለእያንዳንዳችን ሃያ አራት ድንጋይ ሰጥታችሁናል። እኔና እህቴ ግን ድንጋዩን መነጋገሪያ አደረግነው። ሦስት በረድፍ ሲሆን «እዚህ አልፌያለሁ» ነው። ሁለት ሲደራረብ «አትድከም፣ ተመለስ» ነው። በክብ ሲደረደር «ጠብቅ፣ መጣሁ» ነው።

አምና እህቴ እጮኛዋን መተዋን ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ እኔም እሷ ሳትዘጋጅ ለእናታችን ነገርኩ። ደወለችልኝና «አፍህ ወንፊት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ አንድ ቃል አታገኝም» ብላ ዘጋችው። እንዳለችውም አደረገች። በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ የፈረሰው ቅስት ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘሁ። በዚያ ቅስት ለአሥራ አንድ ቀን ተሰቃይቻለሁ። ድንጋዩ ካለበት ቆሜ ስመለከት የቅስቱ ስብርባሪ ሁሉ ገጥሞ አንድ ሙሉ ቅስት ሆነ፤ በሩም ተከፈተ። ደሴትዎ ቃል የለውምና እህቴ መሐላዋን ሳታፈርስ ይቅር አለችኝ። ለዚህ ድርጅትዎን የማመሰግነው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምስጋና ግን እንደዚያ አይደለም።

ከስምንት ሳምንት በፊት እህቴ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥላ ከካምፗ ወጣች። የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ እንደነገረችን «ትንሽ ልተንፍስ» ብላ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግሯ ሄደች። ስልኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ «ወንድሜ፣ ትልቅ ሰው ናት፣ በፈቃዷ ወጥታ ቢሆንስ? ከወጣች ወዲህ ድምጿ ጨርሶ እንደጠፋ የሚያሳይ ነገር አምጣና ፋይል እከፍታለሁ» አለኝ።

እኔም ወደ ደሴቱ ገባሁ። በባሕሩ ዳርቻ፣ ከመብራት ቤቱ ግርጌ፣ አሥራ ሰባት ድንጋዮች ተደርድረዋል። ከምልክቶቻችን አንዱንም አይመስሉም። ከመሄዷ በፊት ያስቀመጠቻቸው ከሆነ ስንብት ሊሆኑ ይችላሉ፤ መርማሪውም ፍለጋውን ይጀምራል። ከሄደች በኋላ ከሆነ ግን እህቴ በሕይወት አለች፣ እያናገረችንም ነው። የጨዋታው መመሪያ «እያንዳንዱ ሥፍራ መጨረሻ የነካውን እጅና ቀኑን ያስታውሳል» ይላል። ስለዚህ ቀኑ እናንተ ዘንድ አለ። የጠየቅሁት ይህንን ቀን ብቻ ነው። የተደረገልኝን መስተንግዶ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን በላክሁ በአራት ደቂቃ ውስጥ መልስ ደረሰኝ፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት እንዲህ ተስተናግጄ አላውቅም። መልሱ «ምሥጢሩን ብንነግርዎ የማግኘትን ደስታ እንነጥቅዎታለን፤ ይህ ደግሞ ከመርሐችን ውጭ ነው» ይላል። ደስታዬ ይህን ያህል ስላሳሰባችሁ ምን ብዬ እንደማመሰግን ጠፍቶኛል።

ሁለተኛ፦ ስለ ፍንጭዎ። ጉዳዩ እንቆቅልሽ እንዳልሆነ፣ ድንጋዮቹን የደረደረችው የጠፋች እህቴ እንደሆነች ከፖሊስ ጣቢያው ማመልከቻ ቅጂ ጋር አያይዤ ጻፍሁ። ክፍልዎም ታሪኩ ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጾ፣ በልዩ ሁኔታ አንድ ፍንጭ እንዲሰጠኝ ፈቀደ፦ «ከሌላ ማዕዘን ይመልከቱ»። ተመለከትሁ። ከመብራት ቤቱ ጫፍ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ከጀልባ ላይ ሆኜ አየሁ፤ ጥላ ሲረዝምም ሲያጥርም አየሁ። የሰባ አንድ ዓመት እናቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ቴሌቪዥኑን በአግድም አየችው። ከመብራት ቤቱ ጫፍ ሲታዩ አሥራ ሰባቱ ድንጋዮች አሥራ ሰባት ድንጋዮች ናቸው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሽልማትዎ። ስድስተኛውን ደብዳቤ ከላክሁ በኋላ «ታጋሽ ተጓዥ» የሚል የወርቅ ቀለም ያለው ሜዳሊያ ስክሪኔ ላይ ብቅ አለ። እናቴ መርማሪው የላከው መስሏት እልል ልትል ነበር። ነገሩን ሳስረዳት «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

አራተኛ፦ ስለ ጽዳትዎ። የሰኞው ማስታወቂያ «ያረጁ ምልክቶች አዲስ መጪዎች በራሳቸው ዓይን እንዳያዩ ያደርጋሉ» ይላል። ስለ አዲስ መጪዎች ዓይን ማሰብ ደግ ነው፤ እኔም የዓይን ነገር ሥራዬ ነው። ነገር ግን ደንበኛ የሚያነበውን ወረቀት ቀድጄበት መነጽሩን ጠርጌ አስረክቤ አላውቅም።

አምስተኛውን አቤቱታ በእርስዎ ላይ ማቅረብ አልችልም፤ በቤታችን ውስጥ ያለ ጉዳይ ነውና። እናቴ ድሮ «ሽበት አውጥተህ ጌም ትጫወታለህ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁን ጠዋት ቀድማኝ ተነሥታ «ተራዬ ነው፣ ወዲያ በል» ትለኛለች። መራመድ ለምዳለች፤ በሁለት ቀን አንዴ ከድልድዩ ባሕር ውስጥ መውደቋ አልቀረም እንጂ። ከድንጋዮቹ ፊት ትቆምና «ምን ልትይኝ ነው፣ የኔ ልጅ?» ትላለች። በዳርቻው ላይ ክብ መሥራት ትፈልጋለች፦ «ጠብቂ፣ መጣሁ» ለማለት። እኔ ግን እከለክላታለሁ። በመመሪያው መሠረት ዳርቻው በሙሉ እንደ አንድ ሥፍራ ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ድንጋይ ካስቀመጥን የእህቴ ቀን ተሰርዞ የእኛ ይመዘገባል። ከዳርቻው ውጭ ደግሞ ብናስቀምጥ ታየዋለች ብለን ተስፋ አናደርግም። እናም ልጅቱ እየጠራችን ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ሳምንት አቤት ሳንላት ቆመን የምናያት የእርስዎን መልስ ስንጠብቅ ነው። እናቴ «ልጇ ጠርታት ዝም የምትል እናት አድርገኸኛል» ካለችኝ ሦስት ቀን ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ «ተራዬ ነው» ከማለት በቀር ሰላምታም አትሰጠኝም።

ክቡር ሆይ፣ ድንጋዮቹ ምን ማለት እንደሆኑ እንዲነግሩኝ አልለምንም። የት እንዳለችም አልጠይቅም፤ ልትነግረኝ ካልፈለገች መብቷ ነው፣ እኔም ወንፊት መሆኔን አልረሳሁም። የምለምነው አንድ ቀንና አንድ ወር ነው፤ ከሰጡኝ ሜዳሊያ ያነሰ ቦታ ይይዛል። ሌሎቹን እንቆቅልሾችዎን ሁሉ ሳልፈታቸው ልሙት፤ ቅር አይለኝም።

የሰውን ቀልብ ሰቅሎ ማቆየት ለሚያውቀው ድርጅትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማስታወሻ ቋትዎ ጤና፣ ለእርስዎም መጠበቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤተሰብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሌንስ ሞራጁ፣ የድንቢጥ ወንድም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ጥያቄዬ «የጨዋታ ማሻሻያ አስተያየት» ተብሎ መመዝገቡንና፣ ባሕሩ ትንሽ ጠቆር ይበልልን ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኮሚቴ እንደሚታይ ጸሐፊዎ ስለገለጸልኝ አመሰግናለሁ። ባሕሩን በተመለከተ ኮሚቴው በጥልቀት እንደሚወያይ አልጠራጠርም። በዚያው ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቀኑ ካልደረሰኝ ጆይስቲኩን ለእናቴ እሰጣታለሁ። ክቡን ትሠራለች፤ ከዚያ በኋላ መዝገባችሁ የሚያስታውሰው የእሷን እጅ ብቻ ይሆናል፣ ለመርማሪውም የምወስድለት ነገር አይኖረኝም። ክቡ በዳርቻው ላይ የሚቆየው እስከ ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።