ያልረጋው ወተትና የዝምታዬ አሥራ አንድ ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን እንቅስቃሴ ይሠራሉ ወይስ እማዬ ዘወር ስትል ሶፋው ላይ ጋደም ይላሉ? የእሷንስ ዓይን ምን አሏት? ወንድሜስ እንዴት ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ የሚያንገላታኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

አባባ፣ ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ልክ አይደለም» ሲሉኝ «ጉንፋን ነው» ብዬ ሸወድኩዎት። ጉንፋን አልነበረም። በእኔ ጥፋት አንድ ትልቅ ሰው ከሥራ ሊባረሩ ነበር፤ እኔም እያወቅሁ አፌን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። በስልክ ልንገርዎት ብል ለቅሶዬ ይቀድመኛል፣ ስለዚህ ይኸው በወረቀት። እባክዎ ሳይጨርሱት አያስቀምጡት።

ሥራዬ እንደሚያውቁት በወተት ፋብሪካው ውስጥ እርሾ መንከባከብ ነው። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እኔ ሞግዚታቸው ነኝ። ወተት ውስጥ ፕሮቲን ሞልቶ ተርፏል፣ ግን እንዳለ አይዋጥላቸውም። የራሳቸው ቢላዋ አላቸው፣ በእሱ ይከትፉትና ቁርጥራጩን አስገብተው አሚኖ አሲድ የሚባለውን ደቃቅ ነገር ያወጡበታል። የጎደላቸውን ደግሞ ራሳቸው ይሠራሉ። የሚገርመው ቁጥጥራቸው ነው። ጓዳቸው ሲሞላ ያውቃሉ፤ ቢላዋ መሥራቱን ይቀንሳሉ፣ የራሳቸውንም ምርት ያቆማሉ። ሲጎድል እንደገና ይነሣሉ። ቁርጥ ወንድሜን! እማዬ ቤት ካለች እጁን አያነሣም፣ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ግን እንቁላል እንኳ ይጠብሳል።

አለቃዬ ለአራት ወር ሥልጠና ሄደች። እርሾውን በየሁለት ቀኑ ከወተት ወደ ወተት ማዛወር ሲገባኝ፣ ማፍላቱና ማቀዝቀዙ ሰለቸኝና አሚኖ አሲዱ ተዘጋጅቶ ባለቀለት መረቅ ማሳደግ ጀመርኩ። በግማሽ ጊዜ ደረሱልኝ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ እኮ! ለካ በዚያ ሁሉ ወር አንዳንዶቹ የቢላዋውን ሙያ ጭራሽ ጥለውታል። መረቅ ውስጥ ቢላዋ ሸክም ብቻ ነው፤ ያልያዙት እየቀደሙ፣ እየበዙ ቤቱን ሞሉት። ስንፍና ቢሆን ሲርባቸው ይነቁ ነበር። የእነዚህ ግን ሙያው ከነአካቴው ጠፍቷል፣ አይመለስም።

ትልቁ ታንከር ውስጥ ስንጨምራቸው ወተቱ አልረጋ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጣት የተቀሰረው የጎማ ጫማቸውን ስለማያወልቁ ጋሽ ቦቲ በምንላቸው ታንከር አጣቢ ላይ ነው። የማጠቢያውን ኬሚካል በደንብ አለቅልቀው አላስወጡትም፣ እርሾውን የገደለው እሱ ነው ተባለ። «ኧረ ሦስት ጊዜ ነው ያለቀለቅሁት!» ቢሉ ማን ይስማቸው። ነገሩ እስኪጣራ ቤትዎ ይቀመጡ አሏቸው።

ነገሩ አላማረኝም። ጋሽ ቦቲ ካጠቡት ታንከር ወተት ቀድቼ ሁለት ጠርሙስ ሞላሁ። ሁለቱም ላይ የእኔን እርሾ ጨመርኩ፤ አንዱ ላይ ብቻ የተዘጋጀ አሚኖ አሲድ ጣል አደረግሁ። በማግስቱ እሱ ረግቶ ቢገለብጡት አይፈስም፤ ሌላው ግን ቀጭን ወተት እንደሆነ ቀርቷል። ታንከሩ ንጹሕ ነበር። የተራቡት የእኔዎቹ ናቸው። ጠርሙሶቹን አጥቤ ቦታቸው መለስኩ።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። አባባ፣ እኔ! የእርስዎ ልጅ! ሞተሩን ሳያጠፋ የሄደው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ተቃጠለ ብለው እርስዎን ሲያባርሩ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። «አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ኖሮ» ሲሉ ስንት ዓመት እራት ላይ ሰማሁዎት። ያንን ሰውዬ መልኩን ሳላውቅ ጠልቼው ነው ያደግሁት። ታዲያ ከሥልጠና የተመለሰችው አለቃዬ በር ላይ ሁለቴ ደርሼ ሁለቴ ተመለስኩ። አንዴማ አንኳኩቼ ገብቼ ስቴፕለር ተውሼ ወጣሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጋሽ ቦቲ ባለቤት ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። ፎጣና የምሳ ዕቃ በፌስታል ይዘው፣ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ መውጫው በየት ነው?» አሉኝ። እንደምንም «እንዳይሄዱ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አልኳቸውና አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ጋሽ ቦቲ ሰኞ ተመለሱ። ፍሪጅ ውስጥ በርዶ ከቆየው የድሮ እርሾ ሌላ ተነሥቶ ወተቱም ይረጋል። እኔ ከእርሾ ክፍል ተነሥቼ ታንከር አጣቢ ሆኛለሁ፣ ከእሳቸው ሥር። ለሰላምታዬ አይመልሱልኝም፤ በእጃቸው ብሩሹን ይጠቁሙኛል፣ አበቃ። አልፈርድባቸውም።

አባባ፣ ስለ አሥራ ሁለተኛው ቀን «ጎበዝ» እንዲሉኝ አይደለም የጻፍኩት። የሚያቃጥለኝ አሥራ አንዱ ነው። እነዚያን ቀናት እርስዎ ሃያ ዓመት ይቅር ያላሉትን ሰውዬ ሆኜ ነው የዋልኩት፤ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የዓይን ጠብታዋን እንዳትዘነጋ። ወንድሜን ጫማዬን መልበሱን ሰምቻለሁ ይበሉት። አክስቴንና ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። የእርስዎን ጉልበት ግን ዛሬ በወረቀት ልስም አልደፈርኩም፤ ፈቃድዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ
ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን