እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ የሚከፈተው ቀፎ

አሰላሙ አለይኪ ዘሀራዬ፣

አላህ ይዘንልሽ፣ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ዓመት ሞላ፤ ሰደቃሽንም በቅርቡ አወጣን። ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም፣ መጻፍ ስለማልችል ነው። አሁን ግን ቻልኩ። አዎ፣ እኔ ይማም! ስልኬ ላይ መልእክት በገባ ቁጥር «ነይ አንብቢልኝ» እያልኩ ከጓሮ የምጠራሽ ባልሽ፣ ይኸው በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ። የማታ ትምህርት ገባሁ፣ ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጡት የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው ብልሽ እንደምትስቂ ስለማውቅ አልነግርሽም። መምህራችን «ይማም፣ ጽሑፍህ እንደ ብየዳህ ነው፤ ይጠነክራል እንጂ አያምርም» አለችኝ። እኔ «ይጠነክራል» የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት።

ቆይ፣ አንዴ ተነስቼ ልይ።

መጣሁ። እስካሁን ምንም የለም። የተቀመጥኩት ከንብሽ ቀፎ ፊት ለፊት፣ ጥላው ውስጥ ነው። ምን እንደምጠብቅ እነግርሻለሁ፣ ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ጨርሼ ሳልነግርሽ ልቤ አያርፍም።

አዋሽን ለቅቄአለሁ። ግቢያችን ያለ አንቺ አላስቀምጥ አለኝ፤ ስገባም ስወጣም አንቺ ከጓሮ የምትመጪ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። ወንድምሽ ሰይድ «ሰመራ ና፣ በያጅ ይፈለጋል፣ ከሆቴሌ ጎን ቦታ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ዕቃውን ሸጥኩ። ያልሸጥኩት የብየዳ ማሽኔንና ንብሽን ብቻ ነው።

ንቡን በምን አመጣኸው ትዪኝ ይሆናል። በአይሱዙ ነዋ! የቀፎውን አፍ በአጎበር ጨርቅ አስሬ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ከአዋሽ ተነሳን። ሹፌሩ ጋቢና ግባ ቢለኝ እምቢ ብዬ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቀፎውን አቅፌ ተቀመጥኩ። እንዳይታፈኑብኝ ውሃ አርከፈክፋለሁ፣ አቧራው እኔን ያርከፈክፈኛል። ኬላ ላይ ፈታሹ «ምንድነው የታቀፍከው?» ሲለኝ «የሚስቴን ዘመዶች» አልኩት። ጆሮውን አስጠጋና ወዲያው «እለፉ! እለፉ!» አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አዋሽ እያለን ማር ስትቆርጪ ትዝ ይልሻል? ያን ከሸምበቆ የተሠራውን፣ በእበት የተለቀለቀውን ቀፎሽን ከኋላ ትከፍቺና «ቢስሚላህ» ብለሽ ክንድሽን እስከ ትከሻሽ ትከቺዋለሽ። ጀግናው ባልሽ ኩበቱን እያጨስኩ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። ማሩ ከነእጩ፣ ከነሞተው ንብ ተደባልቆ ይወጣል። ክንድሽ ያብጣል። አንድ ቀን እንኳ ስትጮሂ አልሰማሁሽም። ደግሞ ሁልጊዜ ገና ብዙ ማር እያለ ክዳኑን ትገጥሚና በመዳፍሽ አንዴ ትመቺዋለሽ፤ ቋ! «ይበቃል፣ የቀረው የባለቤቶቹ ነው» ትያለሽ። እኔ «ሴትዮ፣ ገና ግማሹ አለ እኮ!» እያልኩ እነጫነጫለሁ። አንቺ ዞር ብለሽም አታዪኝ።

ያኔ ነው ያበጠ ክንድሽን አይቼ ክንድ የማይገባበት ቀፎ እሠራልሻለሁ ያልኩሽ። «ጉራህን ተውና ጭሱን አስጠጋ» አልሽኝ። እኔም ዛሬ ነገ ስል በሽታሽ ቀደመኝ። ስለዚህ ሰመራ እንደገባሁ መጀመሪያ ያነሳሁት እሱን ሥራ ነው።

የመጀመሪያውን ከላሜራ ሠራሁት፤ በያጅ ሰው እንጨት አይታየውም። በየድኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁት። ደግነቱ ንቡን ሳላስገባ ለሙከራ አንድ የማር እንጀራ ሰቅዬበት ፀሐይ ላይ ተውኩት። ከዙሁር ሰላት ስመለስ ሾርባ ሆኗል! ከሥሩ የሚንጠባጠበውን የሐዋ ፍየሎች ይልሱታል። ሐዋ ጎረቤቴ ናት፤ ወተት የምትሸጥ አፋር፣ ምላሷ ከአንቺ ምላስ የማይተናነስ። «ይማም፣ ይሄ የንብ ቤት ነው የዳቦ ምድጃ?» አለችኝ። የዚህ አገር ፀሐይ ከአዋሹ በዕድሜም በጉልበትም ይበልጣል፣ ምን ላድርግ።

ሁለተኛውን ከእንጨት ሠራሁት። ከሰመራ ወዲያ፣ ሰርዶ ከተማ ላይ፣ መኪኖች የሚጥሉትን የዕቃ መደርደሪያ ፓሌት ጣውላ አምጥቼ አናጺ ሆንኩ። አሁን ጆሮሽን ስጪኝ፤ እዚህ ጋ ባልሽ ሊቅ ነው። ቀፎውን በመሃሉ በቀጭን ሽቦ ፍርግርግ ከፈልኩት። በሽቦውና በሽቦው መካከል ሁለት የክብሪት እንጨት ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍተት ተውኩ። ሠራተኛዋ ንብ ሾልካ ታልፋለች፤ አውራዋ ግን ሰውነቷ ሞላ ያለ ስለሆነ አታልፍም። ንብሽን ከሸምበቆው አዛወርኩበት፤ የፊተኛው ክፍል የአውራዋና የልጆቿ ሆነ፣ የኋለኛው ንጹሕ ማር ብቻ። የኋለኛውን ደግሞ መሳቢያ አደረግሁት፣ ልክ እንደ ጭነት መኪና የመፍቻ ሳጥን። ማሩ ከላይ ከተጋደሙት ዘንጎች ላይ ተንጠልጥሎ ይሠራል፤ እጀታውን ስትስቢ ራሱ ይመጣልሻል። ክንድ መክተት የለ፣ እጭ መጨፍለቅ የለ። መጀመሪያ ንቦቹ መሳቢያውን በሙጫቸው ለጥፈውት በመፍቻ ታግዬ ነው የከፈትኩት። የሚንሸራተትበትን የብረት ሐዲድ በሰፈፍ አሸሁት፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣት ይሳባል። ከላይ ሰሌን አለበስኩት፣ ውሃም ጠጠር ባለበት ሳሕን አስቀመጥኩላቸው፤ እየጠጡ እንዳይሰጥሙ ብለሽ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም።

ቆይ፣ ልይ። … ገና ነው።

ታዲያ ይሄን ሠርቼ ዝም እላለሁ? ሰይድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ የጠጣ ሹፌር ሁሉ ሰምቶታል። «ሕፃን ልጅ ማር ያወጣበታል! ሕፃን ልጅ ምን አለኝ፣ ሰይድ እንኳ ያወጣበታል!» እያልኩ አስወራሁ። ወንድምሽ ንብ ሲያይ ጫማውን ጥሎ እንደሚሮጥ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሰደቃሽ ደረሰ። ሰይድ ለብርዙ ማር ፈለገ። እኔ አንድ የተሰበረ የመኪና ሻንሲ ልበይድ ሰርዶ ሄጃለሁ። እሱ ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ መጣና መሳቢያውን ሳበው። ቀላል ሆነለት። ትንሽ ወሰደ፣ ማንም አልነደፈውም፤ ደግሞ ወሰደ፤ እስከ መጨረሻው ዘንግ ጠራረገው። ስመለስ ሳፋ ሙሉ ማር አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። «አማቼ፣ ጉራህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነ!» አለኝ። ደስታው ልጅ አስመስሎታል። ምን ልበለው? ለእህቱ ነው ያደረገው።

ጊዜው ደግሞ የሚቀሰም የሌለበት ነው። ያ ሁሉም የሚረግመው እሾሃም የበረሃ ዛፍ አበባው ረግፏል፣ ንፋሱ እሳት ነው። በማግስቱ ጠዋት ቀፎው ዝም አለ። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ዘሀራዬ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው፤ አንቺን ቀብረን ቤት ስገባ።

ያኔ ገባኝ። ስሠራው ስለ ሁሉ ነገር አስቤ ነበር፤ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ሐዲዱ። መዳፍሽን ግን ረሳሁት። ማውጣቱን አቀለልኩና ይበቃል የሚል ሳላስቀምጥበት ቀረሁ።

ንብሽን ፍለጋ በየዛፉ ሥር፣ በየአጥሩ ስሮጥ ሐዋ የወተት ጄሪካኗን እንደያዘች ከአስፋልቱ ማዶ ጮኸች፦ «ይማም! ንብህ ወደ ጅቡቲ ተሳፍሯል!» ስታሾፍ መስሎኝ ነበር። ብሄድ እውነቷን ነው። ከሆቴሉ ፊት የቆመ የጭነት መኪና አለ፤ ከተሳቢው ሥር ስኮርታ ጎማው ላይ ንብሽ እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል። ሹፌሩ ቁርሱን ጨርሶ ጥርሱን እየፋቀ ይመጣል።

«ወንድሜ፣ ሞተር እንዳታስነሳ!» አልኩት።

«ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ አለብኝ። ለዝንብ ብዬ ልዋል?»

«ዝንብ አይደለም፣ የሚስቴ ነው።»

«እና ሚስትህ መጥታ ታውርደዋ!»

ሐዋ ጄሪካኗን መሬት አስቀምጣ «ሚስቱ ሞታለች፣ አንተ ሰውዬ» አለችው። ሹፌሩ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ቁልፉንም ኪሱ ከተተና «ቶሎ በል በቃ» ብሎ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

የሸምበቆ ቀፎሽን አልጣልኩትም ነበር። እየሮጥኩ አመጣሁት፣ ውስጡን እንደ አንቺ በወይራ አጠንኩት፣ መሬት ተንጋልዬም ከተሳቢው ሥር ገባሁ። ውሃ ረጨሁባቸው። «ቢስሚላህ» ብዬ ጎማውን አንድ ጊዜ ስመታው ዘለላው ዱብ ብሎ ቀፎሽ ውስጥ ገባ። ዱብ ያላለው ፊቴ ላይ ገባ። አጥሩ ጋ ቆሞ ያጨስ የነበረ ባልሽ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነው፣ ቀፎ አቅፎ በሐዋ እየተመራ አስፋልት ተሻገረ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ብስቅ ደስ ባለኝ፣ ፊቴ እምቢ አለኝ እንጂ።

ፀሐይ ስትበርድ ወደ ጣውላው ቀፎ መለስኳቸው። ግን ባዶ ቤት ማን ይቀመጣል? ሰይድ ጋ ሄጄ ያልተጨመቀውን ማር መልስልኝ አልኩት። ጮኸብኝ። «ነገ ሰው ይመጣል! ለእህቴ ሰደቃ የቀረበውን ለንብ? አብደሃል!» እኔም ጮህኩ፦ «እህትህ ብትኖር ለማን ትሰጠው ነበር?» ወደ ቤቴ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ማንኳኳት ሰማሁ፤ ሰይድ ነው፣ ፊቱ በሻሽ ተጠምጥሟል፣ ሳፋውን ይዟል። ዓይኔ ስለተደፈነ ማሩን በገዛ እጁ አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ አሰረው። በዚህ ጊዜ ጫማውን ጥሎ አልሮጠም። ሰደቃሽ ላይ ብርዙ ቀጠነ፤ ያማ ሰው ካለ አፉ ያውቃል። ቁርአኑ ተቀራ፣ ዱዓውም ደመቀ።

ዓይኔ እንደተገለጠ ብረቴን አነሳሁ። መሳቢያው ውስጥ፣ ከሐዲዱ መሃል፣ ማቆሚያ በየድኩበት። አሁን ሲሳብ እስከ ግማሽ ድረስ ይወጣና ይቆማል፤ የወጣው የእኛ፣ ያልወጣው የባለቤቶቹ። በብሎን አላሰርኩትም፣ በብሎን ባስረው አንድ ቀን እፈታዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሰይድን ጠርቼ ሞክር አልኩት። ሳበ። ቋ! አለና ቆመ። እግሩን ቀፎው ላይ ተክሎ ጎተተ። አልነቃነቅ አለው። እጀታውን ለቀቀና «ዘሀራ ነች እንዴ ውስጥ ያለችው?» አለ። ሊያስቀኝ ብሎ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ለብየዳ የመጣ ደንበኛ «ሰውዬው ምን ሆነሃል?» ይለኛል። ንብ ቤቱን ሲወድ እግሩ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዞ ይገባል፣ ለልጅ ማሳደጊያ ነው፣ ያን ካየህ አይሄድም ብለሽ ነግረሽኛል። ይወጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ እግራቸው ባዶውን ይገባሉ። እኔ ቢጫ እጠብቃለሁ። ባይመጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ከአንቺ የቀረኝ፣ እስትንፋስ ያለው ነገር፣ እሱ ብቻ ነው።

ቆይ።

ዘሀራዬ! አንዷ ገባች። የተልባ ፍሬ የምታህል ቢጫ፣ በሁለቱም እግሯ! ከየት አገኘችው በዚህ ሐሩር? ሌላም መጣች። ያችኛዋ በአንድ እግሯ ብቻ ናት፣ ግን ትቆጠራለች። አልሐምዱሊላህ። ሐዋን ጠራኋት፣ ሰይድን ጠራሁት፣ ያየሁትን ሁሉ እየጠራሁ ነው። ዓይኔ ቀፎው ላይ ስለሆነ ፊደሌ ቢበላሽ መምህሯ ትታገሰኝ።

ኢንሻአላህ አበባው ሲመለስ መሳቢያውን እስባለሁ። ክንዴ አያብጥም፣ ጭስም አያፍነኝም፤ ያልኩሽን ሠርቻለሁ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ቋ ይላል፣ እኔም እጄን እሰበስባለሁ። ገና ግማሹ አለ እኮ ብዬ አልነጫነጭም። እዚያው ቆሜ በስምሽ ዱዓ አደርጋለሁ፣ የመጀመሪያውንም ማር ለሐዋ ልጆች እሰጣለሁ። በሕይወት እስካለሁ ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንቺ ከጎኔ ነሽ።

ባልሽ ይማም።

ከታች ያለው ፊርማዬ ነው። በደንብ እዪው፣ የአውራ ጣቴ ቀለም አይደለም።