ለአንተ ጎማ የተቆረጠው ፓራፋንጎ

ለወንድሜ ለተስፋልደት ኣባዲ፤

ከአስመራ፣ ከፓራዲዞ ሰፈር፣ ከአባትህ ቤት የተነሣው ሰላምታ አዲስ አበባ ድረስ ይግባልህ። እንዴት ነህ? ያ የሚነሣብህ ጨጓራ ተወህ ወይ? ሰብለስ፣ ልጆቹስ፣ የሰብለ እናትስ እንደምን ከረሙ? እኔን ለክፉ አይሰጠኝም፤ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝም ምላሴ ደኅና ነው፣ አሁን ታየዋለህ። አባታችን አቦይ በሕይወት አሉ። የጤናቸውን ነገር ግን ወደ ታች እደርስበታለሁ፤ ሰላምታውን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው።

በአማርኛ የምጽፍልህ ሚስትህ ሰብለ እንድታነበው ነው። በትግርኛ የጻፍኩልህን ሁሉ «ደኅና ነን ትላለች» ብለህ አጥፈህ ኪስህ እንደምትከተው የጭነት መኪናው ሾፌር ክፍሉ ነግሮኛል። ትምህርት ቤት በአርጩሜ የተማርኩት አማርኛ እንግዲህ ለዚህ ይጥቀመኝ።

ባለፈው መስከረም በክፍሉ መኪና አራት ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው የላክህ ጊዜ አቦይን ብታያቸው ልጅ ሆነው ነበር። ቃልህን ክፍሉ ነው ያደረሰው፦ በጥር መጥቼ በአሮጌዋ ፊያት ምጽዋ አወርዳቸዋለሁ፣ በእነዚያ ቀጫጭን ጎማዎች ግን አልነዳም፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ አስፍታችሁ ጠብቁኝ ብለሃል። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ታውቅ ነበር። በወጣትነታቸው ላሜራ መቀጥቀጥ የተማሩት ምጽዋ ወደብ ነውና፣ ሳይጨልምብኝ ባሕሩን አንዴ ልየው ነበር ልመናቸው። ጎረቤታችን በራኺ፣ ባለታክሲው፣ እኔ ነገ ላውርድዎት ቢላቸው «ኣይፋል፤ ልጄ ይነዳኛል» ብለው መለሱት። ደግሞ ለመናቸው፤ ደግመው መለሱት።

ጎማዎቹን ገጠምናቸው። መኪናዋ ቆማ ስትታይ አማረባት፤ መሪው ሲታጠፍ ግን ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይፍቀዋል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ምንም አይደለም፤ ከቤት ጊዮርጊስ ወደ ምጽዋ ቁልቁል በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ያ ጠርዝ ጎማውን እንደ ቢላ ይከትፈዋል። መጀመሪያ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈን አስተኛነው፤ አልበቃም። መቁረጥ፣ ወደ ውጭ መክፈትና አዲስ ላሜራ መበየድ ግድ ሆነ። አንተ በጉርምስናህ ከግንብ ጋር ያላተምከውን ፓራፋንጎ በእጃቸው ቀጥቅጠው እንደ አዲስ ያወጡት እሳቸው አይደሉ? መጋዙን ከማንሣታቸው በፊት መዳፋቸውን አሳርፈውበት ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቆረጡት። እኔ ከጀርባ ብረት ደግፌ፣ እሳቸው ከፊት በመዶሻ እየመቱ፣ ጉብታውን በጣታቸው እየፈለጉ ሠራነው። ጣቴን ሁለት ጊዜ መቱኝ፤ አልነገርኳቸውም።

ደንባቸውን መቼም አልረሳኸውም። ባዶ መኪና ይዋሻል፣ ሰው ሲጭን ነው እውነቱን የሚናገረው ይላሉ። ልጆች ሳለን ጎማው ላይ ጠመኔ ቀብተው ሁላችንንም መኪናው ውስጥ ያጭቁን አልነበር? እናታችንን ሳይቀር ከነነጠላዋ። መሪው ሲታጠፍ ጠመኔው ላሜራው ላይ ከታተመ እዚያ ቦታ ይነካል ማለት ነው፤ ወርደን እንደገና ይቀጠቀጣል። አሁን ማንን ይጫኑ? እናታችን የለች፣ አንተ የለህ። እኔና የበራኺ ሚስት ርግበ ከኋላ ገባን፤ እሳቸው ከፊት ተቀመጡ። በራኺ በመሪው ወንበር ሊቀመጥ ሲል ከለከሉት። እኔ የምፈልገው የተስፋልደትን ክብደት ነው አሉ። ክፍሉ ያን ሰሞን ለጭነት መጥቶ ነበርና ልጄ ምን ያህል ወፍሯል ብለው ጠየቁት፤ እሱም ሳያፍር ሆድህን በእጁ ለክቶ አሳያቸው። ከጓዳ የማሽላ ጆንያ አስመጡ። ጥቂት ጨመሩ፣ ጥቂት ቀነሱ፣ አንተን አደረጉትና በመሪው ወንበር አስቀመጡህ። በራኺ እጁን በመስኮት አስገብቶ መሪውን ያጥፋል፣ ሰፈርተኛው ከኋላ ይገፋል፣ አንተ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብለህ ተቀምጠሃል። ስቀን ልንሞት። አቦይም ሳቁ። ላሜራው ላይ የጠመኔ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ሲሠሩ ሰነበቱ።

ጥር ገባ። አቦይ ሙሉ ልብሳቸውን እያስተኮሱ በየጠዋቱ መኪናዋ ውስጥ ከጆንያው ጎን ይቀመጡ ጀመር። ጆንያውን ላውርደው ብላቸው፣ ተስፋልደት መጥቶ ቦታውን እስኪረከብ የመኪናዋ ሞላ ክብደቱን ይልመድ አሉኝ። ጥር ወጣ። የመጣው ክፍሉ ነው። ሥራ በዝቶብኛል፣ ለሌላ ዓመት ይሁን ብለሃል፤ ጎማዎቹን ግን የወዳጄ ልጅ ለሰርጉ መኪና ስለፈለጋቸው ለክፍሉ ስጡት ብለሃል። ሰውዬው ይህን ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። አቦይ አልተቆጡም። የልጄ ንብረት ነው፣ ፍቺለት አሉኝ። ብሎኖቹን በራሴ እጅ ፈታሁልህ።

ቀጫጭኖቹን ጎማዎች መለስኳቸው። መኪናዋ አሁን ጥርሱ ረግፎ አፉን እንደከፈተ የቀረ ሽማግሌ ናት። ያለፈ ያገደመው ይስቅባታል። ማይ ጭሆት ያለው ጋራዥ ወስጄ ላጥብበው ብዬ ነበር። አቦይ ግን የተቆረጠ ላሜራ አይመለስም፣ ደግሞስ ለሌላ ዓመት ብሎ የለ? አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ያን ሲሉ ነው የጠላሁህ ወንድሜ። አልዋሽህም፣ ረገምኩህ፤ ማታ ግን እናታችን ትዝ ብላኝ እርግማኔን መለስኩት። ንዴቴን አልመለስኩትም።

አሁን ዓይናቸው ጨልሟል። ያቆየሁልህ ወሬ ይህ ነው። በየካቲት መጨረሻ አንድ ጠዋት መስኮቱን ክፈቺ አሉኝ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። እንግዲህ ለሌላ ዓመት ብትመጣም ከባሕሩ የሚደርሳቸው ድምፁ ብቻ ነው።

ጆንያውን እንዳልነካ ተከልክዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እቤት የነበረው እህል አለቀ፤ እሳቸው ጋደም ባሉበት አውርጄ አስፈጨሁት። በማግስቱ እንደ ልማዳቸው እየመራሁ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እጃቸውን ወደ መሪው ወንበር ሰደዱ። ዳሰሱ፤ እንደገና ዳሰሱ።

«ተስፋልደት ወረደ እንዴ?» አሉኝ።

«እወ አቦይ፣ ወረደ» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ መኪናዋ ምሪኝ ብለውኝ አያውቁም።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስ። ሰብለን ይህን ሁሉ ስላነበበች እግዜር ይስጥልኝ በላት፤ አስቀይሜያት እንደሆነ ይቅርታ። የእናቷን የወይዘሮ እማዋይሽን ጉልበት ስሜያለሁ። ሚጡን ጉንጯን፣ ቴዲን ግንባሩን ሳምልኝ፤ አያታቸው ድምፃቸውን ሰምተው እንደማያውቁ ንገራቸው። በራኺና ርግበ ሰላም ብለውሃል። አቦይን ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቁልቁለቱን አይፍራው፤ ልጆቹን ሁሉ ጭኖ ቢመጣም ጎማው አይነካም በይው» አሉ።

እኅትህ ኣስካሉ ኣባዲ
አስመራ፣ ፓራዲዞ
መጋቢት 1995፣ በእናንተ አቆጣጠር መጋቢት 1987 ዓ.ም.