ትራስ ላይ የተሰካ መርፌ

እታለሜ፣ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትሳቂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በዚህ ፖስታ ካርድ ሥዕል ላይ ያለውን ባሕር እኔም አላየሁትም፤ ካርዱን ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው የገዛሁት። ቀኝ እጄ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ሐኪሙም «ነገ እናያለን» ከማለት አያልፍም። ልቤ ተንጠልጥሏል።

ዛሬ አንድ እጅ ብቻ ያላት የጎን አልጋ ጎረቤቴ ሸሚዟን ስትቆልፍ ላግዛት ብነሳ፣ «ተዪኝ እህቴ፣ ነገ ቤቴ ስገባ አንቺ የለሽም» አለችኝ። ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ከዚያ መርፌዬን ትራሱ ላይ ሰክቼ በግራዬ ክር ለማስገባት ታገልኩ። ስፌት ቤታችን እያወራሁ የማስገባው ክር ላብ አጠመቀኝ! ሻዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ገባ።

ቦታ አለቀብኝ። እናቴን ሳሚልኝ፤ ስለ እጄ ትንፍሽ እንዳትዪ። መቀሳችንን የሚስልልንን ሰውዬም ጠይቂልኝ፤ ለግራ እጅ የሚሆን መቀስ ይገኛል?