መርፌዎች ዋንጫ የበሉበት ዓመት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

መርፌዎች ዋንጫ በሉ!

ሰላምታውንም የጤና ጥያቄውንም ወደ ጎን ብዬ በዚህ በመጀመሬ አትቀየመኝ፤ ሌላ ቃል ላስቀድም ብል እጄ እምቢ አለኝ። ይህን የምታነበው የመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ ቆመህ ከሆነ እባክህ ቁጭ በል። አንተ ከፈጠርካቸው ጊዜ አንስቶ የሰንጠረዡን ግርጌ እንደ ርስት ይዘው የኖሩት መርፌዎች፣ የሊጉ ሁሉ መሳቂያ የነበሩት መርፌዎች፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሻምፒዮን ሆኑ። አሠልጣኛቸው ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። እሱን ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ከእማዬ የስፌት መኪና አጠገብ ጎልተህ "ሊግ ልሠራ ነው" ያልከኝን ቀን አልረሳውም። ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ፣ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ መትቶ ቤዝ የሚሏቸውን ማቆሚያዎች የሚዞርበትን፣ የተማርከው ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው፤ በሰፈራችን ተጫውቶት ቀርቶ አይቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"ማን ሊጫወተው ነው ታዲያ?" አልኩህ።

"ማንም። እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ እኛ እናያለን።"

እውነትህን ነበር። ስምንት ቡድን ፈጠርክ። ተጫዋቾቹ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተወለዱ፣ ጎለመሱ፣ ተጎዱ፣ አረጁ፣ ጡረታ ወጡ። የራስህን ቡድን በእማዬ ሙያ መርፌዎች አልከው። መዶሻዎችን ለጎረቤታችን ለመካኒኩ ሰጠኸው፤ እሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሱን "አሠልጣኝ" ብሎ ይጠራል። እኔ ደግሞ ቀን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሳርም እየዋልኩ የራሴን የምጽፍበት ነገር አገኘሁ። አንተ ሕጉን ጻፍክ፤ እኔ ዜና መዋዕላቸውን። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሰበረ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ጡረታ የወጣው ሰው ሲሰናበት ምን አለ። ማናቸውም ምንም ብለው አያውቁም እኮ! አሰላለፉንና ቁጥሩን አይቼ እኔ ነኝ የማናግራቸው። አንተ ግን አንድም ቀን "ይሄን ከየት አመጣሽው?" ብለኸኝ አታውቅም። "እንዲህ ማለቱ አይቀርም" ብለህ ታልፈዋለህ። ለዚህ አመስግኜህ አላውቅም፤ አሁን አመሰግንሃለሁ።

ከዚያ አንተ ባሕር ላይ ሄድክ፤ እማዬ ደግሞ ስትሮክ መታት።

መጥተህ አይተሃታል። ተመልሰህ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ግን በስልክ ሸራርፌ ነው የነገርኩህ። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇም ትንሽ ትንሽ መጨበጥ ጀመረ። ቃሎቿ ግን አልተመለሱም። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታል፣ መልሱም በዓይኗ ላይ ይታያል፤ አፏ ላይ ሲደርስ ይጠፋባታል። አንተ ስትደውል ስልኩን እሰጣታለሁ፤ ድምፅህን ትሰማለች፣ እንባዋ ይመጣል፣ መልሳ ትሰጠኛለች። አንድ ቀን "ጥያት ስለሄድኩ ተቀይማኛለች አይደል?" አልከኝ። እኔም "ኧረ ደክሟት ነው" ብዬ አለፍኩህ። አልተቀየመችህም ወንድም ጋሼ። አፍራ ነው። ሰፈሩን ሁሉ በቀልድ ስታስፈራራ የኖረች ሴት፣ ለልጇ "ደህና ነህ?" ማለት አቅቷት አፍራ።

የንግግር ሐኪሟ በየሳምንቱ ቤት እየመጣች የሥዕል ካርድ ታሳያት ነበር። ድመት፣ ኩባያ፣ ቁልፍ፣ ዛፍ። ታጋሽ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እማዬ ግን ካርዶቹን ገና ስታያቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሕፃን መሆን አስጠልቷት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በዚህ መሀል ሊጉ ቀጥሏል። መርፌዎችን አንተን ተክቼ የምመራው እኔ ነበርኩ፤ እንዴት እንደምመራ ደግሞ ሰንጠረዡ ይመስክር። አንድ ቅዳሜ ከእማዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የሳምንቱን ዜና መዋዕል እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ እያነበብኩ አርማለሁ፤ ጆሮ የሚይዘውን ስህተት ዓይን ያልፈዋል። የጻፍኩት ስለ ዝግታው ነበር። የመጀመሪያውን ወርዋሪህን መቼም አትረሳውም፤ ኳሷ ከእጁ ወጥታ መቺው ዘንድ እስክትደርስ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል ብለህ ስሙን ያወጣህለት አንተው ነህ። አርጅቷል። ክንዱ ዝሏል። በተከታታይ ሲሸነፍ ከርሟል። "መርፌዎች ዝግታውን አሰናበቱ" ብዬ ጀመርኩ፤ "እድሜውን ሙሉ ለአንድ ቡድን ወርውሮ አንድም ዋንጫ ሳያነሳ…"

"አይ!"

ቀና አልኩ። እማዬ አልጋው ላይ ተነስታ ተቀምጣለች።

"ምን ሆንሽ? አመመሽ?"

"አይ! ዝ… ዝግ…" አለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ልረዳት ብዬ አፌን ስከፍት ግራ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። "ዝግ… ዝግታው! አይ!"

ከበሽታዋ በኋላ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ስም የኔ አይደለም፤ ያንተም አይደለም። በዚህ ምድር ላይ ኖሮ የማያውቅ የአንድ ወርዋሪ ስም ነው። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። እኔ ዜናውን አስቀድሜ ነው የጻፍኩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ "ተጫዋቹ ይሰናበት?" የሚለው ጥያቄ ገና መልስ እየጠበቀ ነበር። "አይ" የሚለውን ተጭኜ ተመልሼ መጣሁ።

"ቀርቷል። አላሰናበትነውም። ይበቃሻል?"

በእጇ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመች፤ ከዚያ ወደ ራሷ ደረት። ሁለት ጊዜ። ሳይገባኝ ቆሜ ሳለሁ እንደ ድሮዋ አፍጥጣ አየችኝ፤ ያኔ ገባኝ። ቡድኑን ስጪኝ ነው የምትለው።

ሰጠኋት።

ለንግግር ሐኪሟ ስነግራት ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ካርዶቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "በቃ፣ ድመቷን እንተዋት" አለች። "የተጫዋቾቹን ስም ንገሪኝ።" ከዚያ በኋላ የእማዬ ትምህርት የመርፌዎች አሰላለፍ ሆነ። መብረቅ። ቁንጫ። ሸረሪት። አጥር ዘለል። ቃሉ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ ቃል አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። "ሸረሪት፣ ውጣ" ካለች ሸረሪት ይወጣል። "ቁንጫ፣ አንደኛ" ካለች ቁንጫ መጀመሪያ ይመታል። ሐኪሟ ኋላ ላይ እንዳለችኝ፣ እማዬ የፈለገችው ቃሏን የሚሰማት ነው እንጂ ቃል የሚያስተምራት አልነበረም።

መሳሳቱ አልቀረም። አንድ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ "ቁንጫ! ቁንጫ!" ብላ ጮኸች። ስለ ጨዋታው የምታወራ መስሎኝ "ዛሬ ጨዋታ የለም እማዬ" አልኳት። "ቁንጫ!" አለች አልጋውን እየመታች። አንሶላውን ገፈፍኩ፣ ፍራሹን ገለበጥኩ፣ መድኃኒት ልነፋ ተነሳሁ። ለካስ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ነው የምትፈልገው! ሲገባን ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ያንን ሳቋን ብትሰማው ኖሮ መርከቡን አዙረህ ትመጣ ነበር።

መካኒኩን ደግሞ ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡን ዘግቶ በዘይት ልብሱ ይመጣል፤ እማዬ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ሳይነጠፍ አታስቀምጠውም። መጀመሪያ ላይ ያዝንላትና ሆን ብሎ ደካማ ተጫዋች ያሰልፍላት ነበር። እማዬ ነቃችበት። ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፣ "ሌባ!" አለችው። የሰውዬው ፊት እንዴት እንደበራ! "እትዬ ሰደቡኝ! ሰምተሻል? ሰደቡኝ እኮ!" እያለ በደስታ ግቢውን ዞረው። ከዚያ ወዲያ ምሕረት አላደረገላትም፤ እሷም አልፈለገችም።

እናም መርፌዎች መውጣት ጀመሩ። እንዴት ብትለኝ፣ እማዬ እንደ አንተ ቁጥር አትቆጥርም፤ እንደ ልብስ ሰፊ ነው የምታየው። የቱ የት እንደሚገጥም ታውቃለች። አንተ ዳር ያስቀመጥከውን ሸረሪትን መሀል አስገባችው፤ ኳስ አላሳልፍ አለ። ቁንጫን መጀመሪያ እንዲመታ አደረገችው፤ ወርዋሪው ሳያስበው ወደሚቀጥለው እየሮጠ፣ ቤዝ እየሰረቀ ሊጉን አመሰው። ዝግታውን ደግሞ እያሳረፈች፣ በትልቅ በትልቁ ጨዋታ ብቻ አወጣችው። ሳምንት በሳምንት ጽፌዋለሁ፤ ሁሉንም ከዚህ ጋር አስሬ ልኬልሃለሁ፣ እረፍት ስታገኝ አንብበው። ከግርጌ ተነስተን ወገብ ደረስን፤ ከወገብ አፋፍ። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኛና መዶሻዎች ብቻ ሆንን።

ትናንት ቤቱ ሞላ። መካኒኩ ልብሱን ቀይሮ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ሐኪሟም "የሥራ ቀኔ አይደለም፣ ለራሴ ነው የመጣሁት" ብላ መጣች። እማዬ ያንን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ለዋንጫው ጨዋታ ብቻ ኳስ በኳስ እንዲያሳይ ያደረግከው አንተው ነህ፤ ትናንት በልቤ ስንቴ እንደረገምኩህና እንደመረቅኩህ!

ዝግታው ወረወረ። ዙር በዙር ያዛቸው። የመጨረሻው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ሁለት ሰው አስወጥተን፣ አንድ ሰው ብቻ ሲቀረን ክንዱ ዛለ። አንዱ መትቶበት ቤዝ ላይ ቆመ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ዱላውን ይዞ የመጣው ደግሞ ግንዱ ነው፤ የመዶሻዎች ግዙፉ መቺ፣ ዘንድሮ ከሁሉ በላይ ኳስ ከአጥር ውጪ የላከው። ስክሪኑ ላይ ጥያቄው ወጣ፤ "ወርዋሪ ይቀየር?"

መብረቅ ዳር ላይ ተዘጋጅቷል፤ ወጣት፣ ትኩስ፣ ፈጣን።

"እማዬ፣ ቀይሪው" አልኩ።

መካኒኩ እንኳ ባላጋራነቱን ረስቶ ብድግ አለ። "እትዬ፣ እኔ መናገር የለብኝም፤ ግን በፈጠረዎት ያስወጡት! ግንዱ ይበላዋል!"

እማዬ ስክሪኑን አየች። ግራ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ አንዴ ተነፈሰች። ከዚያ ሳትቸኩል፣ ሳትደናቀፍ፣ በድሮ ድምፅዋ እንዲህ አለች፦

"ይጨርስ። የጀመረው እሱ ነው።"

ሁላችንም ዞረን አየናት። ስለ ጨዋታው እንዳይመስልህ። ሐኪሟ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ነጠላ ቃል ሳይሆን፣ ከነሐሳቡ ሙሉ ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው ንግግሯ ነበር። እሷ ግን ማናችንንም አላየችም፤ ጨዋታ ላይ ናት። "አይ" የሚለውን ተጫነች።

ዝግታው ወረወረ። ግንዱ ሳተ።

ወረወረ። ግንዱ መታ፤ ኳሷ ከመስመር ወጣች፤ ሁለተኛ ስህተት ሆኖ ተቆጠረ፤ ሦስተኛ ከሳተ አበቃለት። መካኒኩ ወንበሩን አቀፈ።

ወረወረ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ይህ ነው፤ ቃሉን ሳልነካ ልጻፍልህ፦ "ኳሱ በጣም ዝግ ያለ ነው። ግንዱ ቀድሞ ሰነዘረ። ሳተ። ጨዋታው አበቃ።"

ጩኸታችን ጣሪያውን ያነሳው መስሎኝ ነበር። ሐኪሟና እኔ ተቃቅፈን ዘለልን። የተሸነፈው መካኒክ ከሁላችንም በላይ እየጮኸ የእማዬን እጅ ሳመ። "በአሮጌ ወርዋሪ! በአሮጌ ወርዋሪ በሉኝ እኮ!" እማዬ ከወንበሯ ሳትነሳ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ "ሥራህ ያውጣህ" እንደማለት። ከዚያ እሷም አለቀሰች፤ የዚህኛው እንባ ግን የስልኩ እንባ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት ዝግታውን በዕድሜ ጡረታ አወጣው። የጻፍኩለት ይህ ነው፦ "ዝግታው ለመርፌዎች ወረወረ፤ ለሌላ ለማንም አልወረወረም። ከሚያሸንፈው ይልቅ የሚሸነፈው ይበዛ ነበር። የመጨረሻዋን ኳስ ግን የወረወረው ሻምፒዮን ሆኖ ነው። ስንብቱን ሲጠየቅ፣ 'አሠልጣኜ አምናኛለች፤ ሌላ ምን ልበል' አለ።" እንዲህ ማለቱ አይቀርም፤ አይደል?

ወደብ እንደደረስክ ደውል። ስልኩን የማነሳው እኔ አልሆንም።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል እማዬ "እኔም" አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። ብዙ ሰዓት ፈጅቶባታል፤ አንዷን ቃል እንኳ አላረምኩም።

የምትወድህና የምትኮራብህ እህትህ፣
የሊጉ ዜና መዋዕል ጸሐፊ

ልጄ። ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ብላ። ተኛ። ናፍቀኸኛል። አሸነፍን።
ቡድኑን አልመልስልህም።
እናትህ